ሞክሼ ደራሲዎች

የዛሬው ወጋችን ስለ ሞክሼ ደራሲዎች ነው።

አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አበበ ከበደ ቢኖሩ መምህሩ ምን ያደርጋል? የአያት ስም ይጨምራል። ሞክሼ ደራሲዎችም እንዲሁ ናቸው።

የእንግሊዙን ዊንስተን ቸርችልን የማያውቅ የለም። ታዲያ በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ ሞክሼ ነበራቸው፤ ያውም መጻሕፍቱ እንደ ጉድ የሚሸጡለት ልብ ወለድ ጸሐፊ! እንግሊዛዊው እ.ኤ.አ. በ1899 ደብዳቤ ጻፉለት። «እኔ ስሜ ላይ ስፔንሰርን እጨምራለሁ» አሉት። ጨዋነት ነው መቼም። ልብ ወለድማ እሳቸውም አንዴ ሞክረዋል፤ ያስመሰገናቸው ግን የታሪክ ጽሑፋቸው ነው።

እናም አድማጮች፣ ቤተ መጻሕፍት ስትገቡ ስሙን ብቻ አይታችሁ መጽሐፍ አትዋሱ። የጀርባ ሽፋኑን አንብቡ። ደራሲው ሞክሼ ሊኖረው ይችላል።