አንድ እጀታ፣ አራት አውታር



የክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር አውታሮቹን እንደገና እስኪቃኝ ታዳሚው ይጠብቃል። የቤዝ ጊታር ተጫዋች ግን በዜማ መካከል ቆሞ መቃኘት አይቻለውም። በጊታሩ ራስ ላይ የሚገጠመው፣ ሂፕሾት የተባለው ኩባንያ «ኤክስቴንደር» ብሎ የሚሸጠው ዓይነት መቃኛ የተፈለገው ለዚህ ነው። እጀታው ሲገለበጥ ወፍራሙ አውታር በአንድ ሙሉ ቶን ይረግባል፤ ከኢ (41.2 ሄርዝ) ወደ ዲ (36.7 ሄርዝ) ይወርዳል። የሚወርድበትን ልክ የምትወስነው ትንሽ ብሎን ናት።

ተማሪዎቼ ይህን እንደ መብራት ማብሪያ ያዩታል። አይደለም። የአውታር ውጥረት ከንዝረቱ ድግግሞሽ ዳግም ርቢ ጋር ስለሚመጣጠን፣ ይህች አንዲት እርምጃ ከአውታሩ ውጥረት አንድ አምስተኛ ያህሉን ትወስዳለች። ያን ጊዜ በውጥረት ጎበጥ ያለው አንገት በጥቂቱ ይቃናል፤ ሌሎቹ ሦስት አውታሮች ማንም ሳይነካቸው ከፍ ይላሉ። በዚያ ላይ አውታሩ በአንገቱ ጫፍ ባለው ቦይ ውስጥ ከተያዘ፣ ሲመለስ የቀድሞ ቦታውን አያገኝም። በመድረክ ላይ ደርሶብኛል፤ እጀታውን መልሼ የመጀመሪያውን ኢ ስመታ ከፒያኖው ጋር አልገጠመም። ከዚያ ወዲህ እጀታውን ደጋግሜ ሳልገለብጥ፣ አውታሩንም ሳብ ሳላደርግ ብሎኗን አልነካም።

የጣት ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። አውታሩ ዲ ሲሆን ኢ ወደ ሁለተኛው ፍሬት ይሸሻል፤ የተቀሩት ሦስቱ ግን ባሉበት ናቸው። ስለዚህ አንድን ሐረግ በሁለቱም ቅኝት ሳታጠኑ እጀታውን በመድረክ ላይ እንዳትነኩ እላለሁ፤ ባለ አምስት አውታሩን ቤዝ የሚመርጡትንም በዚህ ምክንያት አልወቅስም።