ቡችላው ለልጅ፣ ክትባቱ ለወላጅ
በዋግ ኽምራ ገጠራችን ቡችላ እምብዛም አይገዛም፤ የጎረቤት ውሻ ስትወልድ ልጅ ለምኖ አቅፎ ይመጣል። ይፈቀድለት? እኔ ይፈቀድለት ባይ ነኝ። ፍየል ለሚጠብቅ ልጅ ቀበሮ ሲያደባ ቀድሞ የሚጮኽ ጓደኛ ነው። ፍርፋሪ መስጠቱን፣ ውኃ ማጠጣቱን ልጁ ይችለዋል። ማስከተቡ ግን የወላጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ልጅ ደግሞ ቁጣ ፈርቶ ንክሻውን ይደብቃል። ስለዚህ ቡችላው ሲገባ ለልጁ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት፦ “ከነከሰህ አልቆጣህም፣ ብቻ ንገረኝ።” ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡት፤ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ውሰዱት።