ሩጫው በቆመበት ዓመት

ወረርሽኝ በስፖርት ኤኮኖሚ ላይ ያስከተለው ጉዳት ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ አንጻር ሲታይ
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ስለ ስፖርት መናገር ለጊዜው ከርእስ የወጣ ሊመስል ይችል ይሆናል። ይሁን እንጂ ስፖርት ከመዝናኛነት አልፎ የእንጀራ ምንጭ ከሆነ ውሎ አድሯል። እንጀራ የሚገኝበት ሥራ ሁሉ ደግሞ መንገድ፣ ውኃ፣ ሜዳና ሕንፃ ይፈልጋል። ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የዓለምን ስፖርት ባቆመ ጊዜ የተጎዳው ማን እንደ ነበረ፣ ጉዳቱስ በምን መንገድ እስከ ጋይንት፣ እስከ ስማዳና እስከ እስቴ ደጋ ሊደርስ እንደ ቻለ መመርመር የመሐንዲሱ ሙያ አንድ ክፍል ነው።

ወረርሽኝ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የገባውና በሕዝቡ ዘንድ የኅዳር በሽታ እየተባለ የሚታወቀው ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቷል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠልበት ልማድም ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ ሲነገር ይኖራል። በዚያን ዘመን ግን የገና ጨዋታ ወይም ጉግስ ቢቀር የሚጓደለው የበዓሉ ደስታ ነበር እንጂ የማንም ደመወዝ አልነበረም። ከመቶ ዓመት በኋላ ነገሩ ተለውጧል። ጨዋታው ሲቆም የሚቆመው የብዙ ቤተሰብ ገቢ ሆኗል።

የነገሩ አካሄድ

የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በዚያችው ዕለት የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ውድድሩን ማቋረጡን አስታወቀ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 7 ቀን፣ መንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ፣ የስፖርት ውድድሮችና ታላላቅ ስብሰባዎችም እንዲቆሙ አዘዘ። መጋቢት 15 ቀን የቶኪዮ ኦሊምፒክ ወደሚቀጥለው ዓመት ተዛወረ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ የዓመቱ ውድድር ሻምፒዮን ሳይኖረው፣ ወራጅም ሳይኖረው ተሰረዘ።

በጎዳና ሩጫ በኩል የሆነው ከዚህ የከፋ ነበር። ከ1897 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲካሄድ የኖረው የቦስተን ማራቶን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰረዘ። የበርሊን፣ የቺካጎና የኒውዮርክ ማራቶኖችም ቀሩ። ብርሃኑ ለገሠ የቶኪዮን ማራቶን ያሸነፈው የካቲት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ከታላላቆቹ ማራቶኖች አንዱ የተካሄደው መስከረም 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በለንደን ሲሆን፣ እርሱም ተመልካችና ሕዝባዊ ሯጭ በሌለበት፣ ምርጥ አትሌቶች ብቻ በመናፈሻ ዙሪያ የሮጡበት ነበር። በዚያ ሹራ ቂጣታ አሸነፈ። በሁለቱ ኢትዮጵያውያን ድል መካከል ሰባት ወር ባዶ ሆኖ አለፈ።

ሩጫ እንደ እህል በጎተራ አይቀመጥም። ገበሬ ዋጋ ሲወድቅ እህሉን ይዞ ሊጠብቅ ይችላል። የሯጭ ጉልበት ግን በወቅቱ ካልተሸጠ ይባክናል። አንድ ሯጭ በሙሉ ኃይሉ የሚወዳደርበት ዘመን ጥቂት ዓመት ብቻ በመሆኑ፣ የጠፋ አንድ ዓመት ለእርሱ ከዕድሜው ብቻ ሳይሆን ከጠቅላላ ሀብቱ ላይ የተቀነሰ ነው።

ገንዘቡ በማን በኩል ያልፋል?

የኢትዮጵያ ስፖርት ኤኮኖሚ ከአውሮፓው በአሠራሩ ይለያል። በአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች የሚኖሩት በቴሌቪዥን ሽያጭ፣ በማስታወቂያና በስታዲየም መግቢያ ነው። በኢትዮጵያ አብዛኞቹ የእግር ኳስ ክለቦች በከተማ አስተዳደር በጀት የሚደገፉ ሲሆኑ፣ የአትሌቲክስ ክለቦችም እንደ መከላከያ፣ እንደ ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ እንደ ንግድ ባንክና እንደ ፌዴራል ፖሊስ ባሉ ድርጅቶች ሥር የተቋቋሙ ናቸው። ስለሆነም ወረርሽኙ በመጣ ጊዜ በክለብ የታቀፈው ሯጭ ቢያንስ የሚጠይቀው አሠሪ ነበረው። ያለ አለኝታ የቀረው ገና ክለብ ያልገባው ወጣት፣ በስታዲየም በር ማሊያና ውኃ የሚሸጠው፣ እንግዳ የሚያሳድረው ሆቴልና መንገደኛ የሚያመላልሰው ባለመኪና ነው። የሕዝብ ማመላለሻዎች ከወንበራቸው ግማሹን ብቻ እንዲጭኑ በተደነገገ ጊዜ ይህ የመጨረሻው ደግሞ በሁለት በኩል ተጎዳ።

በውጭ አገርም ቢሆን መጠባበቂያው ለሁሉ እኩል አልደረሰም። የዊምብልደን የቴኒስ ውድድር አዘጋጆች ከ2003 እ.ኤ.አ. የሳርስ ወረርሽኝ በኋላ የወረርሽኝ መድን ገብተው ስለ ነበር፣ ውድድራቸው በ2020 እ.ኤ.አ. ሲሰረዝ ካሳ አገኙ። የዓለም አትሌቲክስ ለችግረኛ አትሌቶች 500,000 የአሜሪካ ዶላር መድቦ ነበር። ሆኖም ርዳታው የታሰበው ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የሚያበቃውን ሰዓት ላሟሉ አትሌቶች ነው። ይህም ለገና ጀማሪው ሯጭ አይደርስም። መድን የሚገኘው ቀድሞ በደረሰው ዘንድ ነው፤ ገና በጉዞ ላይ ያለው መድን የለውም።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል በጉና ተራራ ትከሻ ላይ የተንሰራፋ ነው። የጉና ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ንፋስ መውጫ፣ ስሟ እንደሚመሰክረው፣ ነፋስ በሚመላለስበት ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ ተቆርቁራለች። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲወረድ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ ይዘልቃሉ። መሬቱ በእርሻ ብዛት የተጎሳቆለ፣ ዝናቡ የማይታመን ነው። ብዙ ወጣት በየዓመቱ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ሲወርድ ኖሯል። ለእርሻ የከበደው ከፍታ ግን ለረጅም ርቀት ሯጭ ሳንባና ልብ የተመቸ ነው።

ሀብቱ ከፍታው ሆኖ ሳለ ገበያው ግን ሩቅ ነው። ከዚህ ደጋ ሯጭ ለመሆን የሚነሣ ወጣት በወረታ–ወልዲያ መንገድ ወጥቶ ወደ ባሕር ዳር፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ ወይም በእንጦጦ ግርጌ ቤት በጋራ ተከራይቶ፣ ሥራ አስኪያጅ የሚያይበትን ቀን ይጠብቃል። ኪራዩንና ምግቡን የሚሸፍነው አንድም ቤተሰቡ በሬ ወይም በግ ሸጦ ነው፤ አንድም ቀድሞት የተሳካለት ጓደኛ ረድቶት ነው። ውድድር ሲቆም የጓደኛው ሽልማት ይቆማል፤ ቀጥሎም ኪራዩ ይወዘፋል። ወጣቱ ወደ አገሩ ይመለሳል። በአገሩ ግን የሚለማመድበት የተለካ መም ስለማያገኝ፣ ሩጫውን ትቶ ሰሊጥ አጨዳ ሊወርድ ይችላል። ሩጫን አንድ ጊዜ የተወ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመለስበትም። የወረርሽኙ ትልቁ ጉዳት ይህ በየትኛውም መዝገብ የማይጻፈው ጉድለት ነው።

በየወረዳው ከተማ ውስጥም ሌላ ትንሽ ገበያ አለ። ዲኤስቲቪ የሚያሳየው ቤት፣ ጆተኒ የሚያጫውተው ልጅ፣ ፑል ቤቱ፣ ሻይ ቤቱ፣ ማሊያ ነጋዴው ሁሉ የሚኖሩት በቅዳሜና በእሑድ ጨዋታ ነው። የእንግሊዙ ውድድር ሰኔ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲቀጥል፣ በኢትዮጵያ መሰብሰብ ገና የተከለከለ ነበር። ጨዋታው ተመልሶ ገበያው አልተመለሰም።

ጉዳቱን በሚገባ ለመመዘን ሌላም ነገር መለየት ያስፈልጋል። ወረርሽኙ ሳይለቅ፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ንፋስ መውጫ ደርሶ ሕዝቡን ለከባድ ግፍ ዳርጓል። ከዚያ በኋላ የታየውን ማሽቆልቆል ሁሉ በበሽታው ላይ መጫን እውነት አይሆንም። በሽታው የወሰደው የመጀመሪያውን ስንቅ ነው፤ ጦርነቱ የመጣው ስንቁ ባለቀበት ቤት ላይ ነው።

ሜዳ ያለው ያገኘው፣ ሜዳ የሌለው ያጣው

የ2013 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊግ ውድድር ታኅሣሥ 3 ቀን ሲጀመር፣ ጉዞንና ንክኪን ለመቀነስ ጨዋታዎቹ ሁሉ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ብቻ እንዲካሄዱ ተደረገ። በዚያ ዓመት የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ጎንደር ግን ያንን ድል ያየችው በቴሌቪዥን ነው። የሆቴሉ፣ የባለባጃጁና የማሊያ ሻጩ ገቢ አስተናጋጅ ለሆኑት ከተሞች ሄደ። ይኸው በተመረጡ ከተሞች የመጫወት ሥርዓት ወረርሽኙ ከበረደ በኋላም ለተከታታይ ዓመታት ቀጥሏል።

በብሔራዊ ደረጃም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳርን ስታዲየም ደረጃውን አላሟላም ብሎ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ስላገደ፣ ኢትዮጵያ በዚያው ኅዳር ወር ጋናን በሜዳዋ ማስተናገድ ሲገባት በጆሐንስበርግ ተጫወተች። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። በችግር ጊዜ የስፖርትን ገቢ ለዚህ ሰጥቶ ለዚያ የሚነሣው የቡድኑ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን የሜዳው ብቃት ነው።

የመሐንዲሱ ድርሻ

ይህ ሲባል በንፋስ መውጫ፣ በወገዳ፣ በአርብ ገበያና በመካነ ኢየሱስ ስታዲየም ይገንባ ማለት አይደለም። አገሪቱ ተጀምረው ያላለቁ ስታዲየሞች አሏት። የሚያስፈልገው ያነሰና የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ይኸውም በየወረዳው በትክክል የተለካ፣ ውኃ የማይተኛበት የአፈር መም።

ስሌቱ ቀላል ነው። 400 ሜትር የሆነ መም ሁለት ቀጥታ ጎኖች እያንዳንዳቸው 84.39 ሜትር፣ ሁለት ግማሽ ክቦች ደግሞ 36.50 ሜትር ሬዲየስ አላቸው። የአንድ መስመር ስፋት 1.22 ሜትር በመሆኑ፣ ስድስት መስመር 7.32 ሜትር ይሆናል። ጠቅላላ ስፋቱ ወደ 3,100 ካሬ ሜትር ነው። በላዩ 15 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ቢለብስ 465 ሜትር ኩብ ያህል ይፈልጋል። ገረጋንቲው ሲቆፈር በአንድ አራተኛ ይነፋል ተብሎ ቢታሰብ፣ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ መኪና ከ36 እስከ 37 ምልልስ ይበቃዋል። ጉና የቀድሞ እሳተ ገሞራ ስለ ሆነ በዙሪያው ድንጋይ አይቸግርም። መሙ ወደ ውስጥ ከመቶ አንድ ያህል ዘንበል ብሎ፣ በውስጠኛው ጠርዝ ቦይ ቢቆረጥለት የክረምቱን ዝናብ ይችላል። ከባዱ ሥራ ተዳፋቱን ቆርጦ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ነው፤ ይህም የቀያሹን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የጉልበቱ ሥራ ሕዝቡ እርከን ሲሠራ ለኖረበት አካባቢ አዲስ አይሆንም።

እንዲህ ያለ መም የሽልማት ገንዘብ አያመጣም። ቦስተን ቢሰረዝ ንፋስ መውጫ አትተካውም። የሚያደርገው ነገር ሌላ ነው፤ የመጠበቂያውን ዋጋ ይቀንሳል። ውድድር ሲቆም ወጣቱ የሱሉልታን ኪራይ ትቶ ከወላጆቹ ቤት እየበላ፣ በተወለደበት ከፍታ ላይ፣ ሰዓቱን በተለካ ርቀት እየመዘነ ሊቆይ ይችላል። ሹራ ቂጣታ በለንደን ያሸነፈው ውድድሩ በተከፈተባት ቀን ዝግጁ ሆኖ በመገኘቱ ነው። ሰሎሞን ባረጋም በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ በ10,000 ሜትር ወርቅ አግኝቷል። በር ሲከፈት የሚገባው በበሩ አጠገብ የቆየው ነው።

ከማኅበሩ የሚጠበቀው ብዙ ወጪ የሌለው ነገር ነው። የመሙን መደበኛ ንድፍ፣ የሥራ መዘርዝርና የዕቃ ስሌት አዘጋጅቶ ለወረዳዎች ያለ ክፍያ መስጠት ይቻላል። በክረምት ወደየአገራቸው የሚሄዱ ወጣት መሐንዲሶችም አንድ ሳምንት ቅየሳ ቢሠሩ ሥራው ይጀመራል። ሜዳው በሰላሙ ቀን ለትምህርት ቤት፣ ለበዓልና ለገና ጨዋታ ይውላል። በክፉ ቀን ደግሞ ለአንድ ትውልድ ሯጭ ስንቅ ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ከተሰረዘ ልክ ሦስት ዓመት በሞላበት ቀን። ቀጣዩ ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ዊምብልደን ለዚያ ቀን የመድን ውል ነበረው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሯጭ ሊኖረው የሚችለው መድን ግን በገረጋንቲ የሚሠራ ነው፤ ሥራውም በዚህ አዳራሽ ለተቀመጡት ባለሙያዎች የተተወ ነው።