የዘገየ ደምና የደበዘዘ መስመር

(ለጎልማሶች የመሠረተ ትምህርት ተከታታዮች በራዲዮ የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የምናገረው ሴቶች በሹክሹክታ ስለሚነጋገሩበት ጉዳይ ነው። ወንዶች ራዲዮኑን አትዝጉት፤ ጉዳዩ እናንተንም ይነካል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት የወር አበባዋ አምስት ቀን ዘገየባት እንበል። ከሚሴ ገበያ ስትወርድ ከመድኃኒት ቤት የእርግዝና መመርመሪያ ገዛች። ስትሪፕ የሚሉት ያ ቀጭን ወረቀት ነው። ሽንቷን ስትመረምር ሁለተኛው መስመር ታየ፤ ግን ደብዝዟል። ደስ አላት። ለባሏ ነገረችው፤ ባሏ ለእናቱ ነገረ። በአራተኛው ቀን ደም መጣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግማ ስትመረምር ሁለተኛው መስመር የለም።

ታዲያ ቤት ውስጥ ጥያቄ ይነሣል። «ዋሽታን ነው» ይላል አንዱ። «ከባድ ጀሪካን ተሸክማ ነው» ትላለች ሌላዋ። «ዓይን ነው» የሚልም አለ። «አስወርዳው ይሆን?» ብሎ የሚያንሾካሹክም አይጠፋም። ሴትዮዋ ግን አልዋሸችም። በራሷም ላይ ያደረገችው ነገር የለም። እኔ አስተማሪ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ቢሆንም የጤና ባለሙያዎች የሚሉትን በቀላል አማርኛ ላስረዳችሁ።

በመጀመሪያ ጽንስ እንዴት እንደሚያዝ እንመልከት። በኦሮምኛ «ኡልፋ» የምትሉት ማለት ነው። የሴቷ እንቁላል ከሚቀጥለው የወር አበባ 14 ቀን ገደማ አስቀድሞ ይለቀቃል። ከወንዱ ዘር ጋር የሚገናኘው ማሕፀን ውስጥ አይደለም፤ ወደ ማሕፀን በሚወስደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ነው። ከተገናኙ በኋላ እያደገ ወደ ማሕፀን ይወርዳል። ከ6 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ከማሕፀን ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ያን ጊዜ አንድ ንጥረ ነገር ወደ እናቲቱ ደም መላክ ይጀምራል። ይህ ንጥረ ነገር ሆርሞን ይባላል፤ አጭር ስሙ ኤችሲጂ ነው። ከደም ወደ ሽንት ያልፋል።

መመርመሪያው የሚፈልገው ይህን ሆርሞን ብቻ ነው። ጽንሱን አያይም። ጽንሱ ደኅና ይሁን አይሁን አያውቅም። የት ቦታ እንዳረፈም አያውቅም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሆርሞኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ እጥፍ እየሆነ ይጨምራል። ስለዚህ ዛሬ «የለም» ያለ መመርመሪያ ከአራት ቀን በኋላ «አለ» ሊል ይችላል። ዋሽቷል ማለት አይደለም። ማክሰኞ ሲጠየቅ የማክሰኞን መልስ ሰጠ፤ ቅዳሜ ሲጠየቅ የቅዳሜን መልስ ሰጠ።

የደበዘዘ መስመርስ ምን ማለት ነው? በተባለው ደቂቃ ውስጥ ከታየ፣ ሆርሞኑ አለ ግን ጥቂት ነው ማለት ነው። ጥቂት የሆነበት ምክንያት ይለያያል። ጽንሱ ገና አዲስ ሊሆን ይችላል። ሴትዮዋ ብዙ ውሃ ጠጥታ ሽንቷ ቀጥኖ ሊሆን ይችላል። ወይም ጽንሱ መክሰም ጀምሮ ይሆናል። አንድ መመርመሪያ እነዚህን ለይቶ አይናገርም። ስለሆነም ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቆይቶ፣ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሡ በሚገኘው የመጀመሪያ ሽንት መድገም ነው። መስመሩ ከደመቀ እርግዝናው እየገፋ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። እየደበዘዘ ሄዶ ደም ከመጣ ጽንሱ አልቆየም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ማንበብ የቻለ ሰው ጥቅሙን ያያል። ከመመርመሪያው ጋር ያለው ወረቀት ስንት ደቂቃ እንደሚጠበቅ ይናገራል። በብዙዎቹ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው። ከ10 ደቂቃ በኋላ አትዩት። ወረቀቱ ሲደርቅ ግራጫ መስመር የሚመስል ነገር ሊያወጣ ይችላል፤ ያ መልስ አይደለም። ጥላችሁት ሄዳችሁ ማታ አንሥታችሁ «ለካ አርግዣለሁ» አትበሉ። በአንዳንዱ ላይ «ሲ» እና «ቲ» የሚባሉ የላቲን ፊደላት አሉበት። በቁቤ የምታነቡ ታውቋቸዋላችሁ፤ የማታነቡ ደግሞ የሚማሩ ልጆቻችሁ ያሳዩአችሁ። በ«ሲ» በኩል ያለው መስመር የግድ መታየት አለበት። እሱ ካልታየ መመርመሪያው ተበላሽቷል፤ በሌላ ይደገም።

የእሽጉን ዘመንም አንብቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚታተመው የፈረንጅ ዘመን ነው። «08/2025» የሚል ጽሑፍ ብታዩ፣ ስምንተኛው የፈረንጅ ወር፣ 2025 ማለት ነው። ይህ በእኛ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ነው። በ2018 ዓ.ም. ላይ ሆና «2025 እስኪደርስ ገና ሰባት ዓመት አለው» ብላ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠች ሴት ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ነው የያዘችው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው።

ሽንት ላይ ጨው ወይም ስኳር ጨምሮ ማየትን ግን ተዉት። ጨውም ሆነ ስኳር ሆርሞን አይለይም። ድሮ በፈረንጅ አገርም ቀላል አልነበረም። በፈረንጆች 1920ዎቹ መጨረሻ ጀርመን ውስጥ የሴት ሽንት በመርፌ ለአይጥ እየተወጋ ውጤቱ በቀናት ይጠበቅ ነበር። በቤት የሚደረገው መመርመሪያ ለሕዝብ መሸጥ የጀመረው በ1970ዎቹ ነው። እናቶቻችንና አያቶቻችን ይህን አላዩም። ደሙ አሥር ቀን ዘግይቶ ሲመጣ «ዘገየ» ብለው አለፉት እንጂ ጽንስ ነበር፣ ጠፋ አላሉም። ዛሬ ቀድመን ማወቅ ቻልን፤ ቀድመን ማዘንም አብሮ መጣ።

የወር አበባ የቀረ ሁሉም እርግዝና አይደለም። የሦስት ወር መርፌ የምትወጋ ሴት ደሟ ለወራት ሊጠፋ ይችላል። ማጥባት፣ ሕመም፣ የምግብ እጥረት፣ ከባድ ሐሳብም ያዘገዩታል።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። የወር አበባ የጀመረበትን ቀን ጻፉ። «ጥር 4» ብላችሁ ከጻፋችሁና ብዙውን ጊዜ በ28 ቀን የሚመጣባችሁ ከሆነ፣ የሚቀጥለው የካቲት 2 ገደማ ይጠበቃል። የእኛ ወራት እኩል 30 ቀን ስለሆኑ ለመቁጠር ይመቻሉ፤ ጳጉሜንን ብቻ አትርሱ። በጨረቃ የምትቆጥሩም ቁጥሩን ጻፉት፤ ልብ ይረሳል፣ ወረቀት አይረሳም። በእኔ አስተያየት፣ ሕመም ወይም እንግዳ የሆነ ደም ከሌለ፣ ከተጠበቀው ቀን በኋላ አንድ ሳምንት ታግሦ መመርመር ይሻላል። መልሱም ይጠራል። የወባ ወይም ሌላ መድኃኒት መውሰድ ያለባት ሴት ግን ሳምንት አትጠብቅ፤ «አርግዤ ይሆናል» ብላ ለባለሙያው አስቀድማ ትንገር።

ወደዚያች ሴት እንመለስ። ጽንሱ ለምን ጠፋ? የሰው ልጅ ከእናቱ 23 ከአባቱ 23 ክሮሞዞም የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ክሮች ይወርሳል። ሲገጣጠሙ አንድ ሊጎድል ወይም አንድ ሊተርፍ ይችላል። እንዲህ የሆነ ጽንስ ብዙውን ጊዜ አያድግም። ማሽላ ስትዘሩ የወደቀው ዘር ሁሉ አገዳ እንደማይሆን ታውቃላችሁ። አንዳንዱ ይበቅልና በሦስተኛው ቀን ይከስማል፤ ገበሬው ስለተራመደበት አይደለም። ጀሪካን መሸከም፣ እንጨት መልቀም፣ ከባል ጋር መተኛት፣ መደንገጥ በእንዲህ ያለ ጊዜ ጽንስን አያጠፉም።

ምን ያህል የተለመደ ነው? በ1980 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1988) የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። አለን ዊልኮክስ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ለማርገዝ የሚሞክሩ 221 ጤናማ ሴቶችን ሽንት በየቀኑ እየወሰዱ መረመሩ። 198 ጽንሶች ተገኙ። ከእነዚህ ውስጥ ከመቶ 22ቱ ሴቷ ማርገዟ በተለመደው መንገድ ሳይታወቅ ጠፉ። ከዚያ በኋላ የጨነገፉት ሲጨመሩ ከመቶ 31 ደረሱ። ሳይታወቅ ጽንስ የጠፋባቸው ሴቶች 40 ነበሩ። ከእነሱ ከመቶ 95ቱ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደገና አረገዙ። እንግዲህ «መካን ናት» ብሎ ሌላ ሚስት ለመፈለግ የሚነሣ ባል ይህን ቁጥር ይስማ።

ስለ ቃልም አንድ ነገር ልበል፤ የአስተማሪ ነገር ሆኖብኝ ነው። እነዚህን ሁለት ቃላት ጻፉ፦ «አስወረደች»፣ «አስወረዳት»። የሚለያዩት በመጨረሻቸው ብቻ ነው። አንዱ «ደች» ይላል፣ ሌላው «ዳት» ይላል። በመጀመሪያው ሴትዮዋ አድራጊ ናት። በሁለተኛው ግን ነገሩ በእሷ ላይ ደረሰ። ስለ ጎረቤታችሁ ስትናገሩ የትኛውን እንደምትሉ ተጠንቀቁ። በሁለት ፊደል ትዳር ሲፈርስ ታይቷል።

«ሾተላይ ናት» የሚሉም አሉ። ሐኪሞች ሾተላይ የሚሉት የእናትና የጽንስ ደም አለመጣጣም ነው። ይህ በጥቂት ቀናት ጽንስ ላይ የሚታይ አይደለም፤ የሚጎዳው ኋላ ነው። የደም ዓይነትን ማወቅ ግን ለሁሉም ሴት ይጠቅማል። ሁለት ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከጠፋ ደግሞ ባልና ሚስት አብረው ወደ ሐኪም ይሂዱ። አብረው ነው ያልኩት።

ደሙ እንደ ወር አበባ ነው፤ ትንሽ ሊበዛና ቁርጠቱ ሊጠነክር ይችላል። ብዙውን ጊዜ በራሱ ያበቃል። ሆርሞኑ ከሰውነት እስኪጠፋ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ጽንሱ ከጠፋ በኋላም መመርመሪያው ለጥቂት ቀናት፣ እርግዝናው ገፍቶ ከነበረ ደግሞ ለሳምንታት «አለ» ሊል ይችላል። በዚያ ተስፋ አታድርጉ፤ ጤና ጣቢያ ጠይቁ። የሚቀጥለው የወር አበባ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይመጣል። ከዚያ በፊትም ሊረገዝ ይችላልና፣ ለጊዜው ማርገዝ የማትፈልግ ሴት መከላከያ ትጠይቅ። ደሙ ለሰላትና ለጾም እንዴት እንደሚቆጠር የሃይማኖት አዋቂዎችን ጠይቁ፤ እኔ የምናገረው ስለ ጤናዋ ነው።

ጽንሱ የሰሊጥ ፍሬ የማያክል ነበር። ቢሆንም «ይህ ምን ያስለቅሳል?» አትበሏት። ስም አውጥታለት ይሆናል። «አላህ ይተካልሽ» ማለት መልካም ነው፤ ሁለት ቀን ውሃ ብትቀዱላት ደግሞ የበለጠ ያሳርፋታል።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኩት ልመለስ። መመርመሪያው ጽንሱ የት እንዳረፈ አያውቅም ብያለሁ። አንዳንዴ ጽንሱ ማሕፀን ሳይደርስ እዚያው ቱቦው ውስጥ ይቀራል። ያን ጊዜም መስመሩ ይታያል፤ ደብዝዞም ሊቆይ ይችላል። ጥቂት ደምም ይታያል። ቱቦው ጠባብ ነውና ጽንሱ ሲያድግ ይፈነዳል። ደሙ ወደ ሆድ ውስጥ ስለሚፈስ ከውጭ የሚታየው ጠብታ ብቻ ሊሆን ይችላል። በአንድ ጎን የሚጠና የሆድ ሕመም፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም፣ ማዞር፣ ራስን መሳት ካለ ሴትዮዋ በቶሎ ካልታከመች ልትሞት ትችላለች። በአንድ ሰዓት ሁለት የንጽሕና ጨርቅ የሚያርስ ደም ሁለት ሰዓት ከዘለቀ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከወጣም እንዲሁ ፈጥኖ መሄድ ነው።

እንዲህ ሲሆን ከብት ይዞ ወደ ቆላ የወረደው ባል እስኪመለስ፣ ሰኞ የባቲ ገበያ መኪና እስኪገኝ አትጠብቁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጥሩ፤ አምቡላንስ ይጠየቅ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ከሚሴ ሆስፒታል ውሰዷት። አማርኛ የሚከብዳት በኦሮምኛ ትናገር፤ አታፍርም። ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቃት «የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ ነበር?» ብሎ ነው። ደብተሩን ይዛችሁላት ሂዱ።

ደኅና ሁኑ።