ከጦር ሜዳ ወደ ትምህርት ገበታ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ ዛሬ ማታ እንድናገር ሲጠይቀኝ «ርእሱን ራስህ ምረጥ» አለኝ። እኔም ጥቂት ካሰብሁ በኋላ ከመካከላችን ስላለ፥ ነገር ግን ስለ እርሱ ስንነጋገር ሰምቼ ስለማላውቀው ተማሪ ለመናገር ቆረጥሁ። እርሱም ጠመንጃውን አስረክቦ ደብተር የያዘው የቀድሞው ወታደር ነው።

ነገሬን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። በአንደኛው ዓመት ከእኛ ጋር የሚማር አንድ ሰው ነበር። እኛ የ19 እና የ20 ዓመት ልጆች ስንሆን እርሱ ወደ 30 ይጠጋል። በሰሜን በኩል ቆስሎ ከተሰናበተ በኋላ በግል ተፈትኖ የገባ ነው። ሁልጊዜ ከበሩ ፊት ለፊት፥ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጣል። እኛም «ጄኔራል» የሚል ስም አወጣንለት፤ ማዕረጉ ግን አሥር አለቃ ነበር። ስናነጋግረው «አንቱ» እንለው ነበር፤ ይህንም የምንለው ለአክብሮት አልነበረም፤ ዘወር ሲል እንሣሣቅ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሒሳብ ትምህርት ላይ ሳለን በረዶ መጣ። የደብረ ማርቆስ በረዶ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ የመምህሩ ድምፅ እንኳ አይሰማም። ገና ሲጀምር ያ ሰው ከወንበሩ ወርዶ ከጠረጴዛው ሥር ተኛ። ክፍሉ በሣቅ ተናጋ። እኔም ሣቅሁ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ አገር የተኩስ ድምፅ ያልሰማ ማን አለ? ከሌላው ሰው ይልቅ እኛ ልንረዳው ይገባን ነበር፤ ነገር ግን ሣቅን። እርሱም ቀስ ብሎ ተነሣ፥ የወደቀውን እስክሪብቶ አነሣ፥ ሱሪውን አራገፈና ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አልመጣም።

በአራተኛው ቀን ኅሊናዬ ቢወቅሰኝ የተከራየበትን ቤት ጠይቄ ሄድሁ። ሻንጣው ታስሮ ከበሩ አጠገብ ቆሟል፤ እርሱ ግን አልጋው ላይ ተቀምጦ የአልጀብራ ጥያቄ ይሠራ ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ «አንቱ» ብዬ ስጀምር አቋረጠኝ።

«አንቱ አትበለኝ፤ አንተ በለኝ» አለ። ቀጥሎም «የሚያስሄደኝ በረዶው አይደለም፤ እርሱስ ያልፋል። በስምንት ዓመት የምበልጠው ልጅ ‹ይህን እንኳ አታውቅም?› ሲለኝ ነው መግቢያ የማጣው። እዚያ የማውቀው ሥራ ነበረኝ፥ ሰው ይጠይቀኝ ነበር። እዚህ ምንም የማላውቅ ሰው ሆንሁ» አለኝ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ያን ቀን የተማርሁት ይህን ነው። ለቀድሞው ወታደር ከትምህርቱ ክብደት ይልቅ የሚከብደው እንደ ገና ጀማሪ መሆን ነው። ሞትን ያየ ሰው በሕፃናት መካከል ፊደል እንደሚቆጥር ሆኖ ሲታየው ሻንጣውን ያስራል። ሻንጣውን የሚያስፈታው ወይም አጥብቆ የሚያሳስረው ግን ከጎኑ የተቀመጠው ተማሪ ነው።

ይህ ነገር የአንድ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1928 ዓ.ም. የጎጃም ጦር በልዑል ራስ እምሩ መሪነት ወደ ሽሬ ሲዘምት ከዘማቾቹ መካከል አንዱ እዚሁ አጠገባችን በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ ነበሩ። ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱና ለዓመታት ታሰሩ። ከተመለሱም በኋላ በውጭ ጉዳይ ሥራ አገራቸውን አገለገሉ፤ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። ሁላችን ደራሲውን እናውቃለን፤ ዘማቹንና እስረኛውን ግን እንረሳለን። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ምን ይዞ እንደ ተመለሰ አስቀድሞ የሚያውቅ ማን ነው?

ወደ አባቶቻችን ዘመን ስንመጣ ደግሞ 1983 ዓ.ም.ን እናገኛለን። በዚያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ ተላኩ። ግንቦት 13 ቀን ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ሲሄዱ ሠልጣኙ ተበተነ፤ ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ኬንያ ተሰደዱ። ከእነርሱም መካከል ተመልሰው ትምህርታቸውን የፈጸሙ አሉ፤ በዚያው በስደት የቀሩም አሉ። በዚያው ዓመት ከ400,000 የሚበልጠው የቀድሞው ሠራዊት ፈረሰ። የሚበዛው ወደ እርሻው ተመለሰ፤ ትምህርት አቋርጦ የነበረውም ወደ ትምህርቱ መመለስ ጀመረ። ድል ካደረገው ወገን ደግሞ ከሕክምና ትምህርት ቤት ወጥተው በረሃ የገቡት አቶ መለስ ዜናዊ አገር እየመሩ በርቀት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1995 በእንግሊዝ አገር ከሚገኘው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። እንግዲህ ድል የሆነውም ድል ያደረገውም ከጦርነት በኋላ የሚፈልገው አንድ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ እርሱም ደብተር ነው።

ዛሬም ነገሩ አላበቃም። በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370,000 በላይ የሆኑ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ማቀዱን አስታውቋል። ከእነዚህ መካከል ጥቂቱ እንኳ ወደ ትምህርት ቢመጣ ከየክፍላችን ያ በረዶ ያስደነገጠው ሰው ይገኛል ማለት ነው።

በሌላው ዓለም የሆነውንም እንመልከት። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1944 ባወጡት ሕግ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱት ወታደሮቻቸው የትምህርት ክፍያና የወር ቀለብ ሰጡ። በ1947 ከኮሌጅ ተማሪዎቻቸው ግማሽ ያህሉ የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ። አስቀድመው የትምህርት ደረጃ ይወድቃል ብለው የፈሩ የዩኒቨርሲቲ መሪዎች ነበሩ፤ ኋላ ግን ወታደሮቹ ከሁሉ ይልቅ ትጉህ ተማሪዎች ሆነው ተገኙ። እኛ የአሜሪካን ያህል ገንዘብ የለንም። ነገር ግን ገንዘብ የማይጠይቅ፥ ከአባቶቻችን የወረስነው አንድ ነገር አለን።

ዲማ ጊዮርጊስን፥ ደብረ ኤልያስን፥ ዋሸራን አስቡ። በቅኔ ቤት የ15 ዓመቱ ልጅና ቤቱን ትቶ የመጣው ጎልማሳ ከአንድ የኔታ ፊት ይቀመጣሉ። ሁለቱም ደበሎ ለብሰው፥ አኮፋዳ አንግተው ቁራሽ ይለምናሉ። ልጁ በትምህርት የቀደመ እንደ ሆነ ጎልማሳውን ያስቀጽለዋል። ጎልማሳው አያፍርም፥ ልጁም አይኮራም። በዚያ የሚጠየቀው «ትምህርትህ የት ደረሰ?» ተብሎ ነው፤ ዕድሜን የሚጠይቅ የለም። እኛ ግን ከሰባት ዓመታችን ጀምሮ ከእኩዮቻችን ጋር ብቻ እየተቀመጥን ስላደግን ከእኛ በዕድሜ የሚበልጥ ተማሪ ሁሉ የዘገየ ይመስለናል። በዚህ ነገር የቆሎ ተማሪው ይበልጠናል።

አንዳንዱ «እኛስ ማን አለን? እርሱ ጡረታ አለው፥ ለእርሱ የተለየ ነገር ለምን ይደረጋል?» ይል ይሆናል። እኔ የምለምነው የተለየ ውጤት እንዲሰጠው ወይም በፈተና እንዲታለፍ አይደለም፤ ያንማ ራሱ አይቀበለውም። የምለምነው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፥ ስም አናውጣለት፤ «ሰው ገድለሃል?» ብለንም አንጠይቀው። በየትኛው ወገን እንደ ተሰለፈ መጠየቅም ይቅርብን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱም፥ የሞተባቸውም ልጆች፥ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ራሱ ሊነግረን የወደደ ቀን እንስማው።

ሁለተኛ፥ ማኅበራችን በየዓመቱ መጀመሪያ ፈቃደኞችን ይመዝግብ። ከትምህርት ለብዙ ዓመት ርቆ ለመጣ ተማሪ ሁሉ ቢያንስ ለመጀመሪያው መንፈቅ በሒሳብ፥ በእንግሊዝኛና በኮምፒዩተር አብሮት የሚያጠና አንድ ጓደኛ ይኑረው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሦስተኛው ለመምህሮቻችን ነው። ይህ ሰው ባዶ እጁን አልመጣም። ቁስለኛ ያሰረ፥ ካርታ ያነበበ፥ ሬዲዮ የጠገነ፥ ለብዙ ሰው ስንቅ ያከፋፈለ ሰው ነው። በሚያውቀው ነገር ላይ ብትጠይቁት በማያውቀው ነገር ላይ ለመጠየቅ አያፍርም። ለቁስሉ የሐኪም ቀጠሮ ወይም ለጡረታው ወረቀት ሲሄድ ያመለጠውን ፈተና እንዲፈተን ጊዜ ስጡት።

አራተኛ፥ ሌሊት የሚባንነውን፥ ወይም ከመጠጥ ቤት የማይወጣውን «አብዷል» አንበል። ይህ የጦርነት ቁስል ነው፤ ሐኪምም አለው። ጸበል ቢሄድም ሐኪም ቢያይም ብቻውን አይሂድ፤ አንዳችን አብረን እንሂድ።

ለቀድሞዎቹ ወታደሮችም አንድ ቃል አለኝ፤ ከመካከላችሁ እዚህ የተቀመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁና። ክፍል እንደ ጦር ሠፈር አይደለም። እዚህ የበላይ የተናገረው ሁሉ አይፈጸምም፤ ይመረመራል፥ ይጠየቃል፥ አንዳንዴም ስሕተት ሆኖ ይገኛል። ከእናንተ የሚያንስ ልጅ ሲከራከራችሁ እንደ ድፍረት አትቁጠሩት። እናንተም ተከራከሩን፤ እኛ በመጽሐፍ ብቻ ያነበብነውን እናንተ በእግራችሁ ሄዳችሁበታልና።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ያን ቀን ሻንጣውን አልፈታም፤ ግን አልሄደም። በማግሥቱ ጠዋት በ11 ሰዓት መጥቶ በሬን አንኳኳና «ተነሥ፥ አልጀብራ» አለኝ። ከዚያ ጀምሮ እኔ ሒሳብ አሳየሁት፥ እርሱም ሰዓት መከፋፈልን አስተማረኝ፤ እስከዚያ ድረስ ለፈተና የማጠናው በመጨረሻው ሌሊት ነበር። በመንፈቁ መጨረሻ በሒሳብ ያገኘው «ሲ» ነው። «ኤ» አገኘ ብዬ ብነግራችሁ ታሪኩ ያምር ነበር፤ እውነቱ ግን «ሲ» ነው፥ ለእርሱም በቂ ነበር።

ዛሬ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። በረዶ ሲመጣ አሁንም ፊቱ ይለወጣል፤ ግን ከጎኑ የተቀመጠው ሁሉ ስለሚያውቅ ማንም አይስቅም። መምህሩም በረዶው እስኪያልፍ ትምህርቱን ያቆማል። እኛም «አንተ» እንለዋለን። አንድን ሰው «አንተ» ለማለት ከአጠገቡ መቀመጥ እንደሚያስፈልግ ከእርሱ ተምሬአለሁ።