ስለ አንድ ድርሰት የመጀመሪያ ቅጽና ስለ አንባብያኑ ፍርድ



ዛሬ በፊታችሁ የምናገርበት ርእሰ ነገር፣ እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ሮናልድ ሩኤል ቶልኪን የደረሰው «የቀለበቱ ጌታ» የተባለው ባለ ሦስት ቅጽ ልብ ወለድ፣ ይልቁንም «የቀለበቱ ማኅበር» የሚባለው የመጀመሪያው ቅጽ፣ ለሕዝብ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ከአንባብያን ያተረፈው ውዳሴና ነቀፋ ነው። ስለ ድርሰቱ ራሱ የተጻፈው ሐተታ ከድርሰቱ ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ በዚያ ላይ ሌላ ሐተታ ለመደረብ አልተነሣሁም። የማመለክታችሁ፣ ከሦስቱ አንዱን ብቻ በእጁ የያዘ አንባቢ በመላው ሥራ ላይ ሲፈርድ፣ ፍርዱ የቱ ላይ ልክ እንደ ሆነና የቱ ላይ እንደሚስት ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመሠረቱ ቶልኪን ሦስት መጻሕፍት አልጻፈም። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ መምህር የነበረው ይህ ሰው፣ በ1937 «ሆቢት» የተባለውን የልጆች ተረት አሳትሞ ሕዝብ ስለ ወደደለት፣ አሳታሚው ተከታዩን እንዲጽፍ ቢለምነው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ብዕሩን አነሣ፤ ዳሩ ግን የልጆች ተረት ይሆናል ተብሎ የተጀመረው ነገር በእጁ ላይ እያደገ፣ እየጠለቀና እየጨለመ ሄዶ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ከፈጀ በኋላ፣ በስድስት ክፍል የተደለደለ አንድ ወጥ ድርሰት ሆኖ ተፈጸመ። ዘመኑ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወረቀት የጠፋበትና የኅትመት ዋጋ የናረበት ስለ ነበር፣ ይህን የሚያህል ሥራ በአንድ ጥራዝ አውጥቶ መሸጥ የማይታሰብ ሆነ። ስለዚህ ደራሲው እያመነታም ቢሆን ሦስት ቦታ እንዲከፈል ተስማማ። አንባብያን እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት የሦስትነት ቅርጽ እንግዲህ ከደራሲው ሐሳብ የፈለቀ ሳይሆን ከነጋዴው ሒሳብ የተገኘ ነው።

ስለ አንባብያን ከተነሣ ዘንድ፣ ከሁሉ በፊት ሊታሰብ የሚገባው አንባቢ የአሳታሚው የስታንሊ አንዊን ልጅ ሬይነር ነው። ይህ ልጅ ገና የአሥር ዓመት ሕፃን ሳለ፣ በ1936 የ«ሆቢት»ን ረቂቅ አንብቦ አስተያየቱን ለአባቱ በጽሑፍ አቅርቦ አንድ ሽልንግ ተከፍሎታል፤ እኔ እንደማውቀው ከተከፈለበት ገንዘብ ይልቅ ይህን ያህል ጥቅም ያስገኘ ሂስ በሌላ ስፍራ አልተጻፈም። ልጁ አድጎ በአባቱ ማተሚያ ድርጅት ውስጥ ሲሠራ፣ አዲሱ ድርሰት የታላቅ ልቡና ሥራ መሆኑን፣ ነገር ግን ቢያሳትሙት ድርጅቱ አንድ ሺህ ፓውንድ ሊከስር እንደሚችል በውጭ አገር ለነበረው አባቱ ቢጽፍለት፣ አባቱም ታላቅ ሥራ መሆኑን ካመንህበት ሺውን ፓውንድ ለመክሰር ተፈቅዶልሃል የሚል መንፈስ ያለው መልስ ላከለት። ውሉም በዚያው ፍርሃት መጠን ተደረገ፤ ደራሲው ወጪው እስኪመለስ ድረስ ምንም አይቀበልም፣ ከዚያ በኋላ ግን ትርፉን እኩል ይካፈላል ተባለ። ይህም ውል ኋላ ደራሲውን ባለጸጋ አደረገው።

እንዲህ ሆኖ የመጀመሪያው ቅጽ ሐምሌ 29 ቀን 1954 በሃያ አንድ ሽልንግ ዋጋ ወጣ። በመጽሐፉ መጠቅለያ ላይ አሳታሚው የሦስት የታወቁ ጸሐፍትን ምስጋና አትሞበት ነበር፤ ሲ. ኤስ. ሉዊስ ደራሲውን ከጣሊያኑ ባለቅኔ ከአሪዮስቶ ጋር አመዛዝኖ አሪዮስቶን አሳንሷል፣ ሪቻርድ ሂዩዝ የጥንቱን ባለቅኔ የስፔንሰርን ስም አንሥቷል፣ ናዖሚ ሚቺሰን ደግሞ የጥንቱን ጸሐፊ የማሎሪን። ምስጋናው ቅን እንደ ነበር አልጠራጠርም፤ ብልህነት ግን አልነበረበትም። ስኮትላንዳዊው ባለቅኔ ኤድዊን ሚውር «ኦብዘርቨር» በተባለው ጋዜጣ በነሐሴ ወር ሂሱን ሲጽፍ፣ የጀመረው ከድርሰቱ ሳይሆን ከዚሁ መጠቅለያ ነው፤ ይህን ያህል የውዳሴ ናዳ የወረደበትን መጽሐፍ ፍጹም ድንቅ ሥራ ካልሆነ በቀር የሚያድነው የለም የሚል ነበር አነጋገሩ። አንባቢ ገና የመጀመሪያውን ገጽ ሳይገልጥ አድንቅ ተብሎ ሲታዘዝ እልኸኛ ይሆናል፤ የዛሬ አሳታሚዎችም ከዚህ የተማሩ አይመስለኝም። ሉዊስም የደራሲው የቅርብ ወዳጅና ድርሰቱ ገና በረቂቅ ሳለ ሲነበብ የሰማ ሰው ስለ ነበር፣ «ታይም ኤንድ ታይድ» በተባለው መጽሔት መጽሐፉን ከጠራ ሰማይ እንደ ወረደ መብረቅ አድርጎ ቢያመሰግነው፣ የሉዊስ ጠላቶች የነበሩ ሁሉ የቶልኪንም ጠላቶች ሆነው ተነሡ።

የሚውር ዋና ነቀፋ ግን ከመጠቅለያው በላይ የጠለቀ ነው። በዚህ ድርሰት ውስጥ ደጎቹ ሁልጊዜ ደጎች፣ ክፉዎቹም ሳይለወጡ ክፉዎች ናቸው፤ ክፉ ሆኖ ሳለ የሚያሳዝን፣ ወድቆ ሳለ ክብሩ የማይረሳ ፍጡር በውስጡ ስፍራ አላገኘም ይላል። ይህ ነቀፋ ከዚያ በኋላ በብዙ አንባብያን አፍ ተደጋግሟልና ጥቂት ልቆይበት።

በመጀመሪያው ቅጽ የመጨረሻ ምዕራፍ፣ ከዘጠኙ ተጓዦች አንዱ የሆነው ጀግናው ቦሮሚር፣ ማንም ሊጠቀምበት የማይገባውን ቀለበት የተሸከመውን ፍሮዶን በአሞን ሔን ኮረብታ ላይ ብቻውን ያገኘዋል። ንግግሩን በወንድማዊ ቃል ይጀምራል፤ ቀጥሎ ስለ አገሩ መከራ እያነሣ ይመክራል፤ ወዲያው ምክሩ ወደ ክርክር፣ ክርክሩ ወደ ቁጣ ይለወጥና ቀለበቱን በኃይል ሊነጥቅ ይዘልበታል። ፍሮዶ ቀለበቱን አጥልቆ ከዓይኑ ሲሰወርበት፣ ቦሮሚር እየተራገመ ሲሮጥ ድንጋይ አደናቅፎት በግንባሩ ይደፋል፤ ከዚያም ልቡ ወደ እርሱ ተመልሶ፣ ያደረገውን ዐውቆ ያለቅሳል። ደራሲው ይህን ሁሉ በጥቂት ገጾች ያመጣዋል፤ ከፍቅር እስከ ክህደት ያለውን መንገድ እያንዳንዱን እርምጃ ያሳየናል፤ አንባቢው ቦሮሚር በየትኛው ቃል ላይ እንደ ወደቀ በጣቱ ለመጠቆም ቢሞክር አይችልም። እንዲህ ያለውን ሰው የጻፈ ደራሲ መልካምና ክፉ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው እንደሚያድሩ አላወቀም ማለት እንዴት ይቻላል?

ነገር ግን ለሚውርም ፍርድ እንስጠው። የቦሮሚር ውድቀት በመጀመሪያው ቅጽ ማለቂያ ላይ ሲገኝ፣ ንስሐውና ሞቱ ያሉት በሁለተኛው ቅጽ መክፈቻ ምዕራፍ ነው፤ በብዙ ፍላጻ ተወግቶ በዛፍ ሥር ተደግፎ፣ ከተጓዦቹ ሁለቱን ታናናሾች ለማዳን ሲታገል ከወደቀ በኋላ ለጓደኛው ለአራጎርን ኃጢአቱን ተናዝዞ የሚሞተው እዚያ ነው። ሁለተኛው ቅጽ የወጣው ኅዳር 11 ቀን በመሆኑ፣ የሐምሌው አንባቢ ሦስት ወር ተኩል ያህል ቦሮሚርን ያወቀው እንደ ወደቀ ሰው ብቻ ነበር። ጎለምም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ቅጽ በወሬ የሚነገርለት፣ በጨለማ ዋሻና በወንዝ ዳር ተጓዦቹን ሲከተል ኮቴው የሚሰማ ፍጡር እንጂ፣ ፊት ለፊት የሚናገር፣ ከራሱ ጋር የሚሟገት፣ ለመዳን አንድ እርምጃ ቀርቶት የሚሰናከል ሆኖ የምናየው ኋላ ነው። ሚውር የለም ብሎ የፈለገው ያ አሳዛኝ ክፉ ፍጡር በሕትመት ላይ ነበር፤ ገና አልደረሰለትም። ከሕንፃው ደጀ ሰላሙን ብቻ አይቶ ቅድስቱም መቅደሱም ሥዕል የላቸውም ብሎ እንደ መፍረድ ያለ ስሕተት ነው፤ ሆኖም ደጀ ሰላሙን ለብቻው ሠርቶ በሃያ አንድ ሽልንግ የሸጠው አሳታሚው እንጂ ሂሰኛው አልነበረም። ሦስቱም ቅጾች ከወጡ በኋላ ሚውር አሳቡን አልለወጠም፤ እንዲያውም በ1955 መጨረሻ እነዚህ ጀግኖች ሁሉ ጎልማሳ ሰው የመሰሉ ልጆች ናቸው ብሎ ጻፈ። ይህንኛውን ፍርድ የሰጠው ሁሉን አይቶ ነውና፣ ባልስማማበትም አከብረዋለሁ።

ከነቀፋዎች ሁሉ ይልቅ በተራው አንባቢ ዘንድ የበረታው የአጀማመሩ ዝግታ ነው። መጽሐፉ የሚከፈተው ስለ ሆቢቶች ልማድና ስለ ትንባሆአቸው በሚተርክ ረዥም መቅድም ነው፤ ከዚያ ቢልቦ የተባለው ሽማግሌ አንድ መቶ አሥራ አንደኛ፣ ወራሹ ፍሮዶ ደግሞ ሠላሳ ሦስተኛ ዓመታቸውን በአንድ ቀን ሲያከብሩ እንታደማለን፤ ሽማግሌው ከጠፋ በኋላ ጠቢቡ ጋንዳልፍ የቀለበቱን ምሥጢር አረጋግጦ እስኪመጣ ድረስ አሥራ ሰባት ዓመት ያልፋል። ብዙ ሰው መጽሐፉን አጥፎ ያስቀመጠው እዚህ ላይ ነው፤ ይህንንም በኀፍረት ሳይሆን በኩራት ሲናገሩ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ይህን ዝግታ አስፈላጊ አድርጌ እመለከተዋለሁ፤ ተጓዦቹ ኋላ በበረሃ ሲራቡና በፍርሃት ሲዋጡ የሚያስቡት አገር ይህ የእንጀራና የድግስ፣ የተራ ሐሜትና የአትክልት አገር ስለ ሆነ፣ አንባቢው አስቀድሞ ካልኖረበት የናፍቆታቸው ተካፋይ ሊሆን አይችልም።

በኤልሮንድ ቤት ስለሚደረገው ሸንጎ የሚነገረው ምዕራፍ ግን ለሙግት የተመቸ ነው። ከመጽሐፉ ምዕራፎች እጅግ ረጅሙ እርሱ ሲሆን፣ በውስጡ ሰው ይናገራል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ሦስተኛው ሰነድ ያነባል፤ ከንግግር በቀር የሚሠራ ሥራ የለም። የእርምጃ ፈላጊ አንባቢ ቢሰለች አልፈርድበትም። ምስክር በየተራው ሲነሣ፣ የአንዱ ቃል የሌላውን ሲሞላ ጸጥ ብሎ ማዳመጥ የለመደ ሰው ግን በዚህ ምዕራፍ ውስጥ የሚያገኘው ደስታ አለ።

ቶም ቦምባዲልስ? ይህ በጫካ የሚዘፍን፣ ቢጫ ጫማ የተጫማ፣ ቀለበቱን አጥልቆ የማይሰወር እንግዳ ፍጡር ለታሪኩ ሂደት ምንም አይጠቅምም ብለው ብዙዎች ይቈጡታል፤ በ2001 የወጣው የፒተር ጃክሰን ፊልምም ፈጽሞ ትቶታል። ናዖሚ ሚቺሰን የመጽሐፉን ማረሚያ ገጾች አንብባ ስለ ልዩ ልዩ ነገሮች በጠየቀችው ጊዜ፣ ደራሲው ቦምባዲልን ሆን ብሎ እንቆቅልሽ አድርጎ እንደ ተወው መልሶላታል። በእኔ አስተያየት ምዕራፉ ከመጠን በላይ ዘፈን በዝቶበታል፤ ቢሆንም ቀለበቱን እንደ መጫወቻ የሚያገላብጥ አንድ ፍጡር መኖሩ፣ የቀለበቱ ኃይል በሁሉ ላይ እንደማይሠለጥን የሚያሳይ ብቸኛ ምልክት ነውና ቢወጣ ይጐድላል።

ከአንባብያን ወገን ደግሞ ነቀፋ ሳይሆን ፍካሬ ይዘው የመጡ ነበሩ። የአቶሚክ ቦምብ ፍርሃት በበረታበት ዘመን፣ ማንም ሊጠቀምበት የማይገባ መሣሪያ የሚተርክ መጽሐፍ ሲያገኙ፣ ቀለበቱ ቦምቡ ነው አሉ። ደራሲው ይህን አጥብቆ ክዷል፤ የነገሩ ሥር የሆነው ምዕራፍ ጦርነቱ ሳይጀመር የተጸነሰ መሆኑን አስረድቶ፣ ደራሲ በአንባቢው ላይ አንድ ትርጓሜ ከሚጭን ይልቅ አንባቢው ከራሱ ኑሮ ጋር ቢያዛምደው እንደሚመርጥ በሁለተኛው እትም መቅድም ጽፏል። በአንድምታ ትርጓሜ ያደጉ የእኛ ሊቃውንት ይህን ቢሰሙ ብዙ አይገረሙም ነበር፤ አንዱ «አንድም» ሌላውን «አንድም» እንደማይሽረው ያውቃሉና።

በአሜሪካ መጽሐፉን በብርቱ ያስተዋወቀው ባለቅኔው ደብልዩ. ኤች. ኦደን ነው፤ በኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ የቶልኪንን ትምህርት ሰምቶ ነበር። ሦስተኛውም ቅጽ ከወጣ በኋላ በጻፈው ሂስ፣ ይህን ያህል ብርቱ ክርክር ያስነሣ መጽሐፍ ብዙ እንደማያስታውስና በዚህ መጽሐፍ ላይ መካከለኛ አስተያየት ያለው ሰው እንደማይገኝ ታዝቧል። ትዝብቱ ትንቢት ሆነ። በ1956 ሂሰኛው ኤድመንድ ዊልሰን «ዘ ኔሽን» በተባለው መጽሔት ድርሰቱን የልጆች ቅራቅንቦ ብሎ ሰደበው፤ አስቂኙ ነገር፣ ዊልሰን ይህን ረጅም መጽሐፍ ለሰባት ዓመት ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዳነበበላት ራሱ መናገሩ ነው፤ ያን ያህል ምሽት የሚሠዋ ሰው ቢያንስ ታጋሽ ነው። በ1961 ሉዊስ ቶልኪንን ለኖቤል ሽልማት አጨው፤ የኮሚቴው አባል አንደሽ ኧስተርሊንግ ግን ድርሰቱ በምንም መልኩ የላቀ የአተራረክ ጥበብ የለውም ብሎ ጣለው፤ ሽልማቱም ለዩጎዝላቪያው ደራሲ ለኢቮ አንድሪች ተሰጠ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1965፣ በርካሽ ዋጋ የታተመው የአሜሪካ እትም በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እጅ ገባ፤ በ1997 ደግሞ ዋተርስቶንስ የተባለው የመጻሕፍት መደብር የእንግሊዝ አንባብያንን ድምፅ ሲያሰባስብ፣ የመቶ ዓመቱ ታላቅ መጽሐፍ ተብሎ የተመረጠው ይኸው ሆነ። ሊቃውንቱ ግማሾቹ በውጤቱ አፈሩ።

ደራሲው ራሱስ ምን አለ? በዚያው በሁለተኛው እትም መቅድም፣ አንዳንዶች እንደ ጉድለት የቈጠሩትን ምዕራፍ ሌሎች ለይተው እንደሚያመሰግኑት ታዝቦ፣ ሁሉን ማስደሰት እንደማይቻል ተቀብሏል፤ ድርሰቱን ለነቀፉት ሰዎች ግን በእነርሱ ሥራ ላይ እርሱም የዚያኑ ዓይነት አስተያየት እንዳለው በትሕትና መስሎ አሳውቋቸዋል። ሌሎችም ከጠቀሱለት ጉድለቶች መካከል እርሱ ገልጦ ያመነው አንዱን ብቻ ነው፤ መጽሐፉ አጭር ነው አለ። ቦምባዲልንም ካለበት አላወጣውም።