ነጥብ ያስቆጠረውን ብቻ አንሸልም
(የማኅበራችን ጸሐፊ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ታዳጊዎቻችን የቅርጫት ኳስ ሽልማት ነው። «የልጆች ጨዋታ ምን ስብሰባ ያስጠራል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን የልጆቻችንን ልብ የሚነካ ስለ ሆነ ታገሡኝ።

ባለፈው የውድድር ዘመን መጨረሻ ለሴቶቹ ቡድን አንድ ሽልማት ብቻ ሰጠን፤ እሱም ብዙ ነጥብ ላስቆጠረችው ነበር። አጨበጨብን፣ ተበተንን። በሳምንቱ አንዲት እናት ቤቴ ድረስ መጥተው፣ «ጋሼ፣ የኔ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ስትሮጥ ከርማ ምነው ስሟ እንኳ ሳይጠራ ቀረ?» አሉኝ። መዝገቤን ገልጬ ባይ እውነትም የለችም። ኳሱን ከኋላ እያመጣች ለጓደኞቿ የምታቀብለው እሷ ነበረች፤ እኔ ግን ስጽፍ የከረምኩት ያስቆጠረችውን ብቻ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅቱ ከዚያ ወዲህ ሜዳ ብቅ አላለችም። ሌሎቹም መቀባበሉን ትተው ሁሉም በየፊናው ወደ ቅርጫቱ መወርወር ያዘ። ልጅ የምንሸልመውን አይቶ ያንኑ ይሠራል።

በ1972 ዓ.ም. የተደረገውን የሞስኮ ኦሎምፒክ ታላላቆቻችን ታስታውሳላችሁ። በ10,000 ሜትር ምሩፅ ይፍጠር ወርቅ፣ መሐመድ ከድር ነሐስ ሲያገኙ ቶሎሳ ቆቱ አራተኛ ወጣ። ሦስቱ እየተፈራረቁ ሩጫውን በማፍጠንና በማቀዝቀዝ ነበር ተፎካካሪዎቻቸውን ያደከሙት። ለአራተኛ ግን ሜዳሊያ የለም። የሩጫ ሕጉ ይኸው ነው፤ የኛን ሽልማት ሕግ የምናወጣው ግን እኛው ነን።

ከቅርጫት ኳስም አንድ ልንገራችሁ። የካቲት 23 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ እኛ የዓድዋን በዓል በምናከብርበት ዕለት፣ በአሜሪካ ዊልት ቼምበርሌን የሚባል ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ብቻውን 100 ነጥብ አስቆጠረ። በዚያ የውድድር ዘመን በአማካይ በየጨዋታው 50 ነጥብ ያስቆጥር ነበር። ታዲያ የዓመቱ ኮከብ ማን የተባለ ይመስላችኋል? በየጨዋታው 19 ገደማ ያስቆጥር የነበረው ቢል ራስል ነው። የራስል ትልቁ ችሎታ መከላከልና ከሰሌዳው የተመለሰ ኳስ መያዝ ነበር፤ ቡድኑ ቦስተን ሴልቲክስም የዚያን ዓመት ዋንጫ ወሰደ። የመረጡትም ራሳቸው ተጫዋቾቹ ነበሩ። አብሮ የሮጠ ያውቃላ!

አንዳንዶች «ጠብ እንዳይመጣ ለማንም አንስጥ» ብላችኋል። እኔ በዚህ አልስማማም። የለፋ ልጅ ስሙ ሲጠራ መስማት አለበት። ስለዚህ ለዘንድሮ ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ፤

1ኛ. የውድድር ዘመኑን የጨረሰ ልጅ ሁሉ ስሙና የሠራው ሥራ የተጻፈበት የምስክር ወረቀት ያግኝ።

2ኛ. ኮከብ ተጫዋችን ተጫዋቾቹ በድምፅ ይምረጡ፤ ለራስ ድምፅ መስጠት አይቻልም። የኛም የኮሚቴዎቹ ልጆች ስለሚጫወቱ እኛ አንመርጥም።

3ኛ. በማቀበል፣ በመከላከልና ከዓምናው በመሻሻል አንዳንድ ሽልማት ይኑር። ሽልማቱ ለሁሉም እኩል፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይሁን።

4ኛ. ሁለት ወጣቶች ሜዳው ዳር ተቀምጠው ነጥቡን ብቻ ሳይሆን የተቀበለውን፣ የተነጠቀውንና ከሰሌዳው የተያዘውን ኳስ ጭምር ይመዝግቡ። የኔ ዓይነት መዝገብ ይበቃል።

ደብተር ወይም እስክሪብቶ መስጠት የምትችሉ ለኔ አስረክቡኝ፤ የሰጣችሁትን እዚሁ ሰሌዳ ላይ ጽፌ እለጥፋለሁ።

ያቺን ልጅ ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። «አስብበታለሁ» ነው ያለችኝ። ሜዳ ላይ ካያችኋት አደራ፣ በስሟ ጠርታችሁ አበረታቷት።